መጀመሪያ ጆሮ፣ ከዚያ ማውዝፒስ

ሰሞኑን አንድ ወጣት ሳክስፎን ነፊ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። ማታ ማታ ባንድ ውስጥ ይሠራል፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ሠርግ። "ጋሼ፣ ቶኔ ቀጭን ነው። ይጮኻል እንጂ አይዘፍንም። ብር እያጠራቀምኩ ነው፤ የትኛውን ማውዝፒስ ልግዛ?" ይላል። የሁለት ማውዝፒስ ፎቶ አያይዞልኛል፤ ውጭ ያለ ዘመዱ ያመጣለታል። ዋጋውን በዛሬው ምንዛሪ ወደ ብር ስመታው የስንት ወር ልፋቱ እንደሆነ አይቼ ደነገጥኩ። መልሼ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት፦ "የማን ድምፅ እንዲኖርህ ነው የምትፈልገው?" ሁለት ቀን ዝም አለ። በሦስተኛው ቀን "ጥሩ ድምፅ ነዋ፣ ጋሼ" አለኝ።

ይህቺ መልስ ናት ዛሬ ይህን ረጅም ነገር የምታስጽፈኝ። ልጁን ለመውቀስ አይደለም። እንዲህ የሚመልስልኝ እሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚያው በውስጥ መስመር ጨርሰን እንለያይ ነበር። ግን ላለፉት ጥቂት ዓመታት ሳክስ፣ ትራምፔት፣ ፍሉት፣ ዋሽንት ይዘው የሚመጡ ልጆችን ሁሉ ይህንኑ እጠይቃለሁ፤ አብዛኞቹ አንድ ስም አይጠሩልኝም። ጣታቸው ግን ከእኛ ጊዜ ሰዎች ይፈጥናል፣ እውነቱን ለመናገር። ስኬሉን፣ አርፔጅዮውን፣ ከኢንተርኔት የለቀሙትን መልመጃ ሁሉ ይዘውታል። የጎደላቸው ጭንቅላታቸው ውስጥ የሚሰማ የአንድ ሰው ድምፅ ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ላስቀምጥ። የትንፋሽ መሣሪያ ቶን የሚሠራው መጀመሪያ ጆሮ ውስጥ ነው። ማውዝፒሱም፣ ሪዱም፣ መልመጃውም ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። ታላላቆቹን ደጋግሞ፣ አጥብቆ፣ ወድዶ ያልሰማ ሰው የቱንም ዕቃ ቢገዛ የሚወጣው ያው የድሮ ድምፁ ነው፤ ከፍ ብሎ ይሰማ ይሆናል እንጂ።

ለማትነፉ ወዳጆቼ፣ ቶን ስል ምን ማለቴ እንደሆነ በአጭሩ። ሁለት ሰዎች አንዱን ኖታ፣ በአንድ ዓይነት ከፍታ፣ በአንድ ዓይነት ጉልበት ይነፋሉ። አንደኛውን "ኧረ በሩን ዝጉት" ትሉታላችሁ። ሁለተኛው ደግሞ ከመንገድ ያስቆማችኋል። ያ ልዩነት ነው ቶን። እናታችሁ ስልክ አንስታ ገና "አቤት" ስትል እሷ መሆኗን የምታውቁበት ነገር ማለት ነው። ቃሉንም ኖታውንም ሌላ ሰው ሊለው ይችላል፤ ቀለሙ ግን የእሷ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ክራር ወይም ፒያኖ ስታስተምር ጣት ታያለህ፤ "እዚህ ጋ አትጫን፣ እንዲህ አድርግ" ትላለህ፤ ልጁም ያያል፣ ያርማል። የትንፋሽ መሣሪያ ላይ ግን ዋናው የሥራ ቦታ አፍ ውስጥና ጉሮሮ ውስጥ ነው። ምላስ የት እንደተቀመጠ አይታይም። ጉሮሮ ምን ያህል እንደተከፈተ አይታይም። አስተማሪ "ጉሮሮህን ክፈት፣ ከሆድህ ንፋ፣ ከንፈርህን አታጥብቅ" ሊል ይችላል፤ እኔም እላለሁ፤ ግን እመኑኝ፣ ግማሹ ነገር ምኞት ነው። ልጁ ጉሮሮውን "እየከፈተ" ሌላ ነገር ይዘጋል።

እስቲ ይህን አስቡት። 'ቀ'ን፣ 'ጠ'ን፣ 'ጨ'ን እንዴት እንደምትሏቸው ማን አስተማራችሁ? ማንም። "ምላስህን እዚህ አድርግ፣ ትንፋሽህን እንዲህ ያዝና ልቀቀው" ያለህ ሰው የለም። እናትህ ስትል ሰማህ፣ ሞከርክ፣ ተሳሳትክ፣ ሳቁብህ፣ በቃ አንድ ቀን ወጣ። አማርኛ የሚማር ፈረንጅ ግን መጽሐፍ ይዞ፣ ሥዕል አይቶ፣ ማብራሪያ አንብቦ "ቀጠሮ"ን "ከተሮ" ሲል ስንት ዓመት ይኖራል! የጎጃም ሰው ንግግሩ የጎጃም፣ የወሎውም የወሎ የሆነው የትኛውን ጡንቻ እንደሚያንቀሳቅስ ተነግሮት አይደለም። ሰውነታችን አንድ ድምፅ አጥብቆ ከፈለገ መንገዱን ራሱ ያገኘዋል፤ የሚፈልገውን ድምፅ ግን አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ይህን ከማናችንም ቀድመው ያውቁታል። ድጓው ላይ ከፊደሉ በላይ ምልክት አለ፤ ድፋት፣ ይዘት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ሌላም። ጽሑፉ አለ፣ ምልክቱ አለ፤ ግን ምልክቱን ብቻ አይቶ ያዜመ ተማሪ አላጋጠመኝም። መሪጌታው ይላል፣ ተማሪው ይቀበላል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይላል። ዓመታት። የቤተልሔሙን ከቆማው፣ የአጫብሩን ከሁለቱም ለይቶ የሚያውቅ ጆሮ የሚወለደው እዚያ ነው። ወረቀቱ የሚያስታውሰው የተሰማውን ነው፤ ያልተሰማውን ወረቀት አያመጣውም። እኛ ደግሞ ልጁን ወረቀት ሰጥተነው፣ ሳክስ ሰጥተነው፣ አንድም ቀን ሳናሰማው "ቶንህ ቀጭን ነው" እንለዋለን። ስሙን የማልጠራው አንድ ማሠልጠኛ ውስጥ ስድስት ወር ሳክስፎን ተምረው የወጡ ልጆች አግኝቻለሁ፤ በስድስት ወር ውስጥ አንድ ቅጂ ክፍል ውስጥ ተከፍቶላቸው አያውቅም። አንድ!

ይሄ የእኛ ሀገር ወግ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ማርሴል ሞኢዝ የሚባል ፈረንሳዊ ፍሉት ነፊ ነበር። ፍሉት የምትማሩ "ደ ላ ሶኖሪቴ" የተባለውን እ.ኤ.አ. በ1934 የወጣ መልመጃውን ሳታውቁት አትቀሩም፤ እነዚያ ረጃጅም ኖታዎች፣ ግማሽ ድምፅ እየወረዱ የሚሄዱት። በመላው ዓለም ተማሪ ሁሉ ይነፋዋል፤ ብዙው እያዛጋ። ግን ሰውየው ድምፁን የሠራው በዚያ መልመጃ ብቻ አልነበረም። ፓሪስ ውስጥ ኦፔራ ኮሚክ ኦርኬስትራ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተቀምጦ፣ ከፊቱ የሚዘፍኑትን ታላላቅ ድምፃውያን ማታ ማታ ይሰማ ነበር። እነሱን በፍሉቱ ሊመስል ሞከረ። ኋላ ላይ ለተማሪዎቹ ሌላ መጽሐፍ አዘጋጀላቸው፤ ያኛው የኦፔራ ዜማዎች ስብስብ ነው፤ ቶን የምታሳድገው እንደ ዘፋኞቹ ለመዝፈን ስትሞክር ነው በሚል ሐሳብ። የመጀመሪያው መጽሐፍ ሁሉም ቤት ገባ፣ የሁለተኛው ሐሳብ ግን ብዙ ቦታ ተረሳ። መልመጃ ለመሸጥም ለማስተማርም ይቀላል መሰለኝ።

አርኖልድ ጃኮብስ ደግሞ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1988 በቺካጎ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ቱባ የነፋ ሰው ነው። ቱባ ማለት ከሁሉም በላይ አየር የሚበላ መሣሪያ ነው፤ የእሱ ሳንባ ደግሞ በሕመም አቅሙ የቀነሰ ነበር። ከመላው ዓለም ነፊዎች ትንፋሽ ሊማሩ ወደ እሱ ይጎርፉ ነበር። ስለ ሰውነት አሠራር ከሐኪም ባልተናነሰ ያነብ የነበረ ሰው ነው፤ ለተማሪ የሚሰጠው ዋና ምክር ግን የሰውነት ነገር አልነበረም። ከመንፋትህ በፊት ኖታው በታላቅ አርቲስት ድምፅ ጭንቅላትህ ውስጥ ይሰማህ፤ አፍህ የሚሰማህን ይከተላል፤ ይሄ ነበር ትምህርቱ። ራሱን በጡንቻ የሚያስጨንቅ ተማሪ ሲመጣለት ጡንቻውን አስረስቶ ወደ ዜማው ይመልሰው ነበር።

ይህን ሁሉ ስናወራ የራሳችን ሰው ፊታችን ቆሞ አለ። ጌታቸው መኩሪያ። ጋሼ ጌታቸው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው ያረፈው፤ ስንቶቻችሁ ሙሉ አልበሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንደሰማችሁ ግን እንጃ። በክራርና በመሰንቆ ጀምሮ፣ ክላርኔትና ሳክስፎን ይዞ፣ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በፖሊስ ኦርኬስትራ ያለፈ ሰው ነው። ያ ቶን ከየት መጣ? ከአሜሪካ አይደለም። ሽለላና ፉከራ ነው። የሚሸልል ሰው ትንፋሹን ሰብስቦ ቃሉን እያንዶቀዶቀ ይወርዳል፣ ከዚያ አንዷን ድምፅ ይይዝና ያንቀጠቅጣታል፣ ጉሮሮው ሻካራ ይሆናል፣ መጨረሻ ላይ ይወረውራታል። ጌታቸው ይህንን ነው ቴነር ሳክስፎን ውስጥ ያስገባው። መድረክ ላይ ጎፈር ደፍቶ የሚወጣው ለጌጥ ብቻ አልነበረም፤ የሚነፋው እኮ የጀግናውን ድምፅ ነው። ከዓመታት በኋላ ፈረንጆች "ኢትዮፒክስ 14" ላይ ሲሰሙት ፍሪ ጃዝ መሰላቸው፤ ከእነ አልበርት አይለር ጋር አነጻጸሩት። "ዘ ኤክስ" የተባሉት የሆላንድ ሮከሮች ከሰባ ዓመቱ ሰው ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 "ሞዓ አንበሳ"ን ሠሩ። ያንን ቶን የትኛው ማውዝፒስ ያመጣዋል? የሳክሱ ፋብሪካ ሽለላ የት ያውቃል!

ሞኢዝ የኦፔራ ድምፃውያንን፣ ጌታቸው ሸላዮችን። ሁለቱም የሰው ድምፅ ነው የሰሙት። ለዚህ ነው ሳክስ የሚማር ልጅ ሲመጣልኝ የሳክስ ሰዎችን ብቻ ስማ የማልለው። ጥላሁን ገሠሠን ስማ። አስቴር አወቀን ስማ፤ ኖታ ስትይዝ ቪብራቶዋ ከየት እንደሚጀምር፣ ዓረፍተ ነገሩ መሃል ትንፋሽ የት እንደምትወስድ። ትዝታን የሚነፋ ሰው ትዝታ የሚዘፍን ሰው ካልሰማ ምን ሊነፋ ነው?

"ጥሩ ድምፅ ነዋ" ወደምትለው ልመለስ። ጥሩ ድምፅ የሚባል ነገር በደፈናው የለም። ዋሽንት ስሙ። ከሸምበቆው አፍ ላይ የሚያመልጠው አየር ከዜማው ጋር አብሮ ይሰማል፤ ሹክሹክታ አለበት፤ ውበቱ ራሱ እሱ ነው። ያንኑ አየር የብር ፍሉት የምትማር ልጅ ብታሰማ አስተማሪዋ "አጥሪው" ይላታል፤ እሱም ልክ ነው፤ የሚያስተምራት ሌላ ድምፅ ነውና። ቤን ዌብስተር ለስላሳ ዘፈን ሲነፋ ኖታው ካለቀ በኋላ ትንፋሹ ብቻውን ሲያልፍ ይሰማል፤ ለሌላ ሰው ጉድለት የሆነው ለእሱ ፊርማው ነው። ስለዚህ "ጥሩ" ማለት "የማን?" የሚል ጥያቄ ሳይመለስ ትርጉም የለውም። ስም ሳይዙ ዕቃ መግዛት የት እንደሚሄዱ ሳያውቁ ታክሲ ኮንትራት እንደመያዝ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚገጥመኝ ተቃውሞ አለ፤ "ሰው ከሰማሁ ኮፒ እሆናለሁ፣ የራሴን ድምፅ አጣለሁ" የሚል። ክፋት የለውም፤ ልጆቹ ራሳቸውን መሆን መፈለጋቸው ደስ ይላል። ግን የሌስተር ያንግን ታሪክ ልንገራችሁ፤ ለሁለቱም ወገን ይሆናል። ሌስተር ልጅ ሆኖ የሰማው ፍራንኪ ትራምባወርን ነው፤ ሲ ሜሎዲ የሚባለውን፣ ከቴነር አነስ የሚለውን ሳክስፎን የሚነፋ ሰው። ሌስተር ያንን ቀለል ያለ ድምፅ በቴነር ላይ ሊያወጣ ፈለገ። በዚያ ዘመን ቴነር ማለት ደግሞ ኮልማን ሃውኪንስ ነበር፤ ወፍራም፣ ከባድ፣ ቪብራቶው ሰፊ። እ.ኤ.አ. በ1934 ሃውኪንስ ከፍሌቸር ሄንደርሰን ባንድ ሲወጣ ሌስተርን በቦታው ቀጠሩት። ባንዱ ድምፁን አልወደደውም። የሄንደርሰን ባለቤት ጠዋት ጠዋት የሃውኪንስን ሸክላ እየከፈተች እንዲሰማና እንደ እሱ እንዲነፋ ልትለምደው ሞከረች። እሱ ሰማ፣ አመሰገነ፣ ድምፁን ግን አልቀየረም፤ ብዙም ሳይቆይ ባንዱን ለቆ ሄደ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግማሹ የአሜሪካ ቴነር ነፊ እንደ ሌስተር ሊነፋ ይሞክር ነበር።

እዚህ ውስጥ ሁለት ነገር አያለሁ። ትራምባወርን ሰምቶ የወጣው ሰው ትራምባወር አልነበረም፤ ሌስተር ያንግ ነው። ሁለተኛው፣ ማዳመጥ እንደ ቅጣት ከተሰጠ አይሠራም። ያቺ ሴትዮ የከፈተችው ሸክላ የታላቅ ሰው ነበር፤ ግን ልቡ የሄደበት አልነበረም። ስለዚህ ለተማሪዬ "ይህን ስማ" ብዬ አልዝም፤ አምስት ስድስት ሰው አሰማዋለሁ፣ ከዚያ ፊቱን አያለሁ። አንዱ ላይ ሲደርስ አንገቱን ያዘነብላል። በቃ፣ የእሱ ሰው እሱ ነው።

ደግሞ አንድ ነገር እንዳይረሳ፦ ማንንም ያልሰማ ሰው ኦሪጅናል አይሆንም። ጆሮ ባዶ ቤት አይደለም፤ ጥሩ ነገር ካላስገባህበት ሌላው ራሱ ገብቶ ይቀመጣል። የእኛ ልጆች ጆሮ ውስጥ ምን እንደገባ ታውቃላችሁ? የኪቦርድ ሳክስፎን! አትሳቁ። የኛ ሀገር ነፋሽ ታሪክ ረጅም ነው። ከአድዋ በኋላ ከሩሲያ የመጡት ቀንደ መለከቶች፣ እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርመናውያኑ አርባ ልጆችና መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ ከዚያ ክቡር ዘበኛ፣ ፖሊስ፣ ጦር ሠራዊት፣ የቴአትር ቤቶቹ ኦርኬስትራዎች። ሦስት አራት ሳክስ፣ ሁለት ሦስት ትራምፔት፣ ትሮምቦን ጎን ለጎን ተቀምጠው በአንድ ትንፋሽ ሲነሱ የሰማ ወጣት ቶን ምን እንደሆነ ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም ነበር፤ ደረቱ ላይ ይሰማዋል። ዋልያስ እ.ኤ.አ. በ1977 "ሙዚቃዊ ስልት"ን ሲቀዱ እንኳ እነ ሞገስ ሀብቴ በሳክሳቸው እዚያ ነበሩ። ከዚያ ባንዶች አነሱ፣ ኪቦርድ ረከሰ፤ የነፋሾቹን መስመር ቀስ በቀስ አንድ ሰው በሁለት ጣት ይጫወተው ጀመር። በዚያ ካሴት ላይ ያደገ ልጅ "ሳክስ" ብሎ የሚያውቀው ከቁልፍ የሚወጣውን ድምፅ ነው። ቀጥ ያለ፣ አነሳስ የሌለው፣ መጨረሻው እንደ መብራት የሚጠፋ። ከዚያ እውነተኛ ሳክስ ሲይዝ ያንኑ ያወጣል። ቀጭን ነው፣ ይጮኻል እንጂ አይዘፍንም። ልጁ የሰማውን በትክክል አውጥቷል እኮ! ጎበዝ ተማሪ ነው፤ የተማረው ግን ከኪቦርድ ነው።

ሌላው የስልክ ነገር ነው። "ጋሼ፣ እኔ እኮ ቀኑን ሙሉ ነው የማዳምጠው" ይሉኛል፤ በምን ስላቸው በስልክ ስፒከር። የቴነር ሳክስፎን ኖታዎች መሠረታቸው ከ100 ኸርዝ ገደማ ጀምሮ እስከ 660 አካባቢ ነው። ያቺ የስልክ ስፒከር ደግሞ የጥፍር ያህል ናት፤ የታችኛውን ግማሽ በአግባቡ አታወጣውም። ጆሮ ብልህ ስለሆነ የጎደለውን ይገምታል፣ ዜማው ትክክል ሆኖ ይሰማሃል፤ ግን ሥጋው የለም፣ አጥንቱ ብቻ ነው የቀረው። በዚያ ላይ የጌታቸውን ድምፅ ስትሰማ የምትሰማው የላይኛውን ጩኸት ብቻ ነው፤ ከዚያ አንተም የላይኛውን ጩኸት ትማራለህ። ማውዝፒስ ልትገዛበት ካጠራቀምከው ላይ ቆንጥረህ ደህና የጆሮ ማዳመጫ ግዛ። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ሰው ሲነፋ በአካል መስማት ነው፤ ማይክራፎን ሳይኖር፣ ሁለት ሦስት ሜትር ርቀት ላይ። ክፍሉ ሲሞላ፣ የሪዱ ንዝረት፣ ትንፋሽ ሲወሰድ። አንድ ቀን እንዲህ የሰማ ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ሲነፋ ይለያል። ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

እንዴት ነው የሚሰማው ለምትሉኝ፣ እኔ ልጆቹን የማደርጋቸውን ልንገራችሁ። አንድ ዘፈን እንመርጣለን፤ አንድ ወር እሱ ብቻ። አጫዋች ዝርዝር፣ መቶ ዘፈን፣ ከበስተጀርባ ተከፍቶ ልብስ እየታጠበ፤ እሱ ማዳመጥ አይደለም፣ እሱ ጎረቤት ነው። ከዘፈኑ ውስጥ አንድ ረጅም ኖታ እንወስዳለን። እንዴት ነው የተነሳው? በምላስ ተመትቶ ነው ወይስ ትንፋሽ ቀድሞት ነው የገባው? ከታች ተንሸራትቶ ነው የመጣው? መሃሉ ላይ ቀጥ ብሎ ቆየ ወይስ ወዲያው ተንቀጠቀጠ? እንዴት ነው የተዘጋው? አንድ ኖታ ላይ አንድ ምሽት ሙሉ ተቀምጠን እናውቃለን። መጀመሪያ ይሰለቻቸዋል፤ ከዚያ አንዱ በድንገት "እንዴ! እዚህ ጋ እኮ ትንፋሹ ይቀየራል" ይላል። ከዚያ በኋላ ጆሮው ወደ ኋላ አይመለስም።

ቀጥሎ መሣሪያ ሳይነካ በአፉ ይዘፍነዋል። ድምፃዊ አይደለሁም የሚል ምክንያት አልቀበልም። ፒያኒስቱ ሌኒ ትሪስታኖ እነ ሊ ኮኒትዝንና ዋርን ማርሽን፣ ኋላ ታላላቅ ሳክስፎን ነፊዎች የሆኑትን፣ የሌስተር ያንግን ሶሎዎች ከቅጂው ጋር በአፋቸው ያዘፍናቸው ነበር፤ ከነትንፋሹ፣ ከነቀለሙ። መሣሪያው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ያንኑ አንድ ኖታ ይነፋል፣ በስልኩ ይቀዳል፣ ከዋናው ጎን አድርጎ ይሰማል። ይሄ ያማል፤ ግን ከማንኛውም አስተማሪ ይበልጣል። ረጅም ኖታ መልመጃም የሚጠቅመው ያኔ ነው። ጭንቅላት ውስጥ ድምፅ ሳይኖር በቀን ሁለት ሰዓት ረጅም ኖታ የሚነፋ ሰው እያጠናከረ ያለው የራሱን መጥፎ ቶን ነው።

ዕቃ ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም፣ እንዳታጣምሙብኝ። ፓዱ የሚያፈስ ሳክስ ላይ ጌታቸውም ቢመጣ ይቸገራል፤ መጀመሪያ ጠጋኝ ጋ ውሰዱት። የተሰነጠቀ ማውዝፒስ፣ ለከንፈርህ የጠነከረ ሪድ፣ እነዚህ መታረም አለባቸው። ኮልትሬንም ማውዝፒስ ላይ ሲለፋ የኖረ ሰው ነው። ግን እሱ የሚፈልገው ድምፅ አስቀድሞ ጭንቅላቱ ውስጥ ስለነበር ነው ሲሞክረው "ይሄ አይደለም፣ ይሄም አይደለም" ማለት የቻለው። አንተ በምን ትመዝነዋለህ? ሻጩ በነገረህ ነው?

አሁን ከሁላችሁም የምፈልገው ነገር አለ። በክቡር ዘበኛ፣ በፖሊስ፣ በጦር ሠራዊት፣ በቴአትር ቤቶቹ ሲነፉ ከነበሩት ውስጥ ዛሬም ቤታቸው ያሉ አባቶች አሉ። ብዙዎቹ ድምፃቸው በስማቸው አልተቀዳም፤ ከድምፃዊው ኋላ ተቀምጠው ነው ያለፉት። አባታችሁ፣ አያታችሁ፣ ጎረቤታችሁ ከሆኑ፣ መሣሪያቸው አልጋ ሥር ካለ፣ ሪድ ከጠፋ ንገሩኝ፣ እኔ እፈልጋለሁ። ጥርሳቸው ቢረግፍም፣ ትንፋሻቸው ቢያጥርም ግድ የለም። ሳሎን ውስጥ፣ ቴሌቪዥኑን ዘግታችሁ፣ ስልኩን ከፊታቸው ሁለት ሜትር ያህል አርቃችሁ አስቀምጡና አንድ ትዝታ፣ እሱም ካቃታቸው አንድ ረጅም ኖታ አስነፏቸውና ቅዱ። ከተቻለ ደግሞ ሳክስ የሚማር አንድ የሠፈር ልጅ ጥሩና እዚያው ጥግ አስቀምጡት። ቅጂውን በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ ስማቸውን፣ የነፉበትን ባንድና መሣሪያቸውን ጽፋችሁ።